ሬሳ ያልነበረበት ድንኳን

ሸናች! ሙሌ፣ ሸናች አልሁህ! የልጅ ልጅህ ሐመልማል በአዲሲቱ ኩላሊት ሸናች! አማችህ ከአዲስ አበባ ደውሎ ሲነግረኝ ሰፈሩ እስኪሰማ እልል አልሁ። በሽንት እልል ይባላል ወይ? ይባላል!

ውይ፣ ሰላምታውን ዘለልሁት። እንደምን ከርመሃል፣ ሆዴ? ካረፍህ ሁለተኛው ጥምቀት አለፈ።

ኩላሊቷን የሰጠቻት እናቷ ናት፣ ልጃችን ስመኝ። የታመሙትን ሁለቱን ሳያወጡ ሦስተኛዋን ከእምብርቷ በታች አስቀመጧት አሉኝ። እኔን ያልገባኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስመኝ ሆድ ውስጥ የኖረች ኩላሊት አገሯ እንደተቀየረ አወቀች ይሆን? ደግሞ ስመኝ ያንተው ልጅ ናት፤ ታዲያ ኩላሊቷ ውስጥ ያንተስ ድርሻ የለም? አማችህን ብጠይቀው «እማማ፣ ሐኪሙን እኮ በጥያቄዎ አሰለቸነው» አለኝ።

አሁን የምትቆጣበትን ልንገርህ። የእድሩን ድንኳን አስተክያለሁ። የእድሩ ዳኛ ሳለህ «እድር ለሙት ነው» ትል አልነበር? ማሳከሚያው ካቅማችን በላይ ቢሆን፣ አንተን የተኩት አያ ጌጡ ዘንድ ሄጄ፣ ድንኳኑን ትከሉልኝና ሕዝብ ይርዳን አልሁ።

«ሬሳው የታለ?» አሉኝ።

«ሬሳ እንዳይኖር ነው እንጂ!»

«ሙሉቀን ቢሰማ ምን ይላል?»

«እሱን ለኔ ይተዉት፣ እጠይቀዋለሁ» አልሁ። ይኸው ጠየቅሁህ።

ድንኳኑ ግን ሰው አሳሳተ። አንዲት የእብናት እህል ነጋዴ አይታው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። ሐመልማል ፊቷ አባብጦ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ማን ነው የሞተው፣ ልጄ?» ብትላት «እኔ ነበርሁ፤ ግን ገና ነኝ» አትላትም! ሴትዮዋ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ያላትን ሰጥታ ገበያ ወጣችና «ሂዱ እዩ፣ ሬሳዋ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች!» ብላ ለፈፈች። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረፈ። ግማሹ ለማየት ነው የመጣው፤ ሳይሰጥ የወጣ ግን የለም። አያ ጌጡ ራሳቸው በር ላይ ቆመው «እዚህ አይለቀስም!» እያሉ የሰው ነጠላ ሲያስገለብጡ ዋሉ።

ያው ድንኳን ላንተ ሲተከል ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት። ጥጉ ላይ አንተ በወፍራም ክር የጣፍሃት ቀዳዳ አለች። ያን ጊዜ መርፌው ቢወጋህ የተቆጣኸው እኔን ነው፤ ምን አድርጌህ እንደሆነ ዛሬም እንቆቅልሽ ነው።

ሐኪሙ ለጊዜው ከሰው እንዳትቀላቀል ብሏል፤ እግዜር ካለ ለክረምቱ ትፈታለች። ስለዚህ ቀን ቆርጫለሁ። ድንኳኑ እኛ ደጅ ይተከላል። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፤ ሙልሙል ግን እስክትጠግቡ። ከጣፍሃት ጥግ ሥር ያለው ቦታ ያንተ ነው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይቀመጥበትም። ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመጣ ወዮለት!

ለቡሄ፣ ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ከቅዳሴ በኋላ። ማንም እንዳይቀር፤ አንተም።