አቶ ሳህሉ ላፌቦ፣ የቀለም መርጫው ማሽንና በኪሳቸው የኖረችው ቡሎን

አቶ ሳህሉ ላፌቦ ከአባታቸው ከአቶ ላፌቦ ኤርሲዶና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩሰው ሀንዳሞ በ1935 ዓ.ም. በጎምቦራ፣ በሀቢቾ አቅራቢያ ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታላቅ ወንድማቸው አበራ ነው። ሟች ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት እንዲነበብ፣ ከውስጡም ምንም እንዳይቀነስ አዘዋል። ስለዚህ የሚያኮራውም የሚያሳፍረውም አንድ ላይ ተጽፏል።

በልጅነታቸው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አማርኛው ቢከብዳቸውም እጃቸው ቀና ነበር። የመምህራቸውን ፋኖስ ፈትተው ሲገጥሙ ተይዘው ተገርፈዋል፤ ፋኖሱ ግን ከዚያ ወዲያ አላጨሰም።

በ1953 ዓ.ም. እንደ ብዙ የአገራችን ወጣቶች ወንጂ ወረዱ። ሁለት ዓመት ሸንኮራ ቆረጡ። ቀጥሎ ጋራዥ ገብተው መጀመሪያ ዕቃ አቀባይ፣ በኋላም የፓምፕ ጠጋኝ ሆኑ። የፓምፕን ሕመም በጆሮ መለየት የተማሩት እዚያ ነው። በ1960 ዓ.ም. ወ/ሮ ገነቴን አግብተው ጵርስቅላንና አሳምነውን ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በሆሳዕና ከመናኸሪያው በላይ ቤት ሠሩ፤ ጥቂት ቆይተውም የከተማው ቀለም ቀቢዎች ማኅበር አባል ሆኑ።

በ1973 ዓ.ም. መንገድ ሲሠሩ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ዕቃቸውን አስረክበው ሲሄዱ፣ በቤንዚን የሚሠራ አንድ የቀለም መርጫ ማሽን ለማኅበሩ ደረሰው። ማሽኑ በነፋስ አይረጭም፤ ቀለሙን ራሱን በብርቱ ኃይል ገፍቶ በቀጭን ቀዳዳ ያወጣዋል። ዐሥር ሰው በብሩሽ ሳምንት የሚፈጅበትን ግድግዳ በአንድ ቀን ይጨርሳል ተባለ። ሲመጣ ግን አይሠራም ነበር፤ መለዋወጫውም ተፈልጎ ጠፋ።

አቶ ሳህሉ ፈቱት። ያለቀውን የፒስተን ማሸጊያ ከበሬ ቆዳ ቆርጠው፣ ሦስት ቀን ዘይት ውስጥ ነክረው ተኩ። የተበላችውን የቫልቭ ኳስ ከአሮጌ ኩሽኔታ ባወጧት ለወጡ። ማጣሪያው ተቀዶ ስለነበር ቀለሙን በባለቤታቸው ስቶኪንግ ያጠልሉ ጀመር። ወ/ሮ ገነቴ፣ «ሰውዬ፣ ለሠርግ ያስቀመጥኩትን እኮ ነው!» ብለው ሲጮሁባቸው፣ «ማሽኑስ ሙሽራ አይደለም?» ብለው አሳቋቸው። በ1975 ዓ.ም. ከመርካቶ ሰፋ ያለ መርጫ ጫፍና ረዘም ያለ የቀለም ማስተላለፊያ ጎማ አምጥተው አሻሻሉት። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ በላምባ ሳያጥቡት ቤታቸው አይገቡም ነበር።

ለሠራተኞቻቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። ሞተሩ ቢጠፋም ኃይሉ ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ማንም ኃይሉን የሚያስወጣውን ማስተንፈሻ ሳይከፍት ጫፉን አይነካም። «መጀመሪያ አስተንፍሱት፣ ከዚያ ንኩት» ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት አብረዋቸው የሚረጩት የዱራሜው ሰው፣ አቶ ተገኘ ሄራሞ ነበሩ።

ነሐሴ 1976 ዓ.ም. ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል በአደባባዩ ዙሪያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች እንዲቀቡ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ማስተንፈሻው ማፍሰስ ጀመረ፤ ማሽኑም ኃይል አጣ። ቆዳ ለመንከር ጊዜ አልነበረም። አቶ ሳህሉ የማስተንፈሻውን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል በአንዲት አጭር ቡሎን ደፈኑት። እጀታው ከውጭ እንደ ወትሮው ይዞራል፤ የሚያስተነፍሰው ነገር ግን የለም። ለአቶ ተገኘ ሊነግሯቸው አስበው ሳለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠርቷቸው ሄዱ። ሊነግሩ አስበው ነበር የሚለው የራሳቸው ቃል ነው፤ ጻፊው አልጨመረበትም።

ነሐሴ 17 ቀን ረፋዱ ላይ ጫፉ ተደፈነ። አቶ ተገኘ ሞተሩን አጠፉ፤ እጀታውን አዞሩ፤ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ጫፉን በጣታቸው ጠረጉ። ጎማው ውስጥ የቀረው ኃይል ቀለሙን ወደ ሥጋቸው ሰደደው። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ነበር፤ ደም እንኳ አልወጣውም።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ወጋኝ እኮ» አሉ።

«ታጠበው፣ ምንም አይደል። ነገ የበዓሉ ኮሚቴ ይመጣል፤ ቶሎ በል» አሏቸው አቶ ሳህሉ።

በሦስተኛው ቀን የአቶ ተገኘ እጅ እስከ ክርናቸው አበጠ። አዲስ አበባ ተወስደው ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ተቆረጠ።

አቶ ተገኘ በተወሰዱ ዕለት አበራ ከሀቢቾ መጥቶ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ሲገባ፣ ወንድሙ ቡሎኗን ሲያወጡ ደረሰባቸው።

«ሄጄ ልናገር፣ አበራ?» ብለው ጠየቁት።

የማኅበር ዕቃ አበላሽቶ ሰው ያስጎዳ በአሻጥር ይከሰስ እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። አበራ በሩን ዘጋና፣ «ልጆችህን አታይም? ዝም በል» አላቸው። ታላቅ ወንድም ሆኖ የመከራቸው ይህንኑ ነው።

መርማሪዎች ሲመጡ ማስተንፈሻው ያለ ቡሎን ቦታው ላይ ነበር። አቶ ሳህሉ፣ ሠራተኛው ሳያስተነፍስ ጫፉን እንደነካ ተናግረው ፈረሙ። አቶ ተገኘ ከሕክምና ተመልሰው፣ «ከፍቼው ነበር!» ቢሉ የሰማቸው የለም። ከማኅበሩ ተሰናብተው መናኸሪያው ውስጥ ተሳፋሪ እየጠሩ ይኖሩ ጀመር። ተሸካሚዎቹ «ቸኩሌ» የሚል ስም አወጡላቸው። «ቸኩሌ፣ የዱራሜው መኪና ሞላ ወይስ ጣትህን ልትቆጥር ነው?» እያሉ ሲስቁባቸው አበራ በጆሮው ሰምቷል። ሰምቶም አልፏል።

በመስከረም ለበዓሉ ሥራ ለአቶ ሳህሉ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ወ/ሮ ገነቴ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት አወረዱት። «ምን አድርጎህ ነው?» ቢሏቸው ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ተዉ። ዱራሜ መሄድ ሲኖርባቸው ከከተማው ወጥተው፣ መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይጠብቁ ነበር። ማሽኑን ሌላ ሰው አያስነኩም ነበር፤ ማስተንፈሻውንም በየጠዋቱ ራሳቸው ይፈትሹት ነበር። ቡሎኗ በኮት ኪሳቸው ውስጥ ኖረች። ኪሱ ሁለት ጊዜ ተቀዶ ወ/ሮ ገነቴ ሰፍተውታል፤ ምን እንደቀደደው አልተነገራቸውም።

በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። በኅዳር 1982 ዓ.ም. አቶ ተገኘ ሕመማቸውን ሰምተው ሊጠይቋቸው መጡ። አቶ ሳህሉ ቡሎኗን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። አቶ ተገኘ በሦስት ጣታቸው አንስተው ብዙ አገላብጠው አዩዋት።

«አምስት ዓመት፣ ጋሼ ሳህሉ። ሚስቴ እንኳ ‹ምነው ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ› ትለኛለች። እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። እውነት ከፍቼው ነበር ወይ እያልኩ ተኝቼ እጀታ አዞራለሁ።»

«ማረኝ» አሏቸው አቶ ሳህሉ።

«እዚህ ለብቻችን? ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ተናገር።»

አቶ ተገኘ ቡሎኗን መልሰው ወጡ። አቶ ሳህሉ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆመው ለመናገር ቆርጠው ነበር፤ ከአልጋ መነሳት ግን አልቻሉም። ስለዚህ ወንድማቸውን አስጠርተው ይህን አስጻፉ። አበራ የራሱ ስም ባይገባ ይወድ ነበር። «አንተንም ጻፍ» አሉት።

አቶ ሳህሉ ታኅሣሥ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በአርባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ገነቴ፣ ልጆቻቸው ጵርስቅላና አሳምነው፣ ወንድማቸው አበራ ከኋላቸው ቀርተዋል። ልጆቹ ይህን ታሪክ የሰሙት ትናንት ነው። እነሱም ይነበብ ብለዋል።

እንግዲህ በዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ ስሙ። አቶ ተገኘ ሄራሞ በዚያን ዕለት ሞተሩን አጥፍተዋል፤ ማስተንፈሻውን ከፍተዋል፤ ጠብቀዋል። የተማሩትን አንድም አላጓደሉም። ማሽኑን የደፈነው ሳህሉ ነው፤ የሳህሉን አፍ የደፈነው አበራ ነው። ቡሎኗ ከሟች ጋር አትቀበርም። በአበራ እጅ አለች፤ የሚጠይቅ ቢኖር እሱ ይጠየቅባታል።

እውነትን ዘግይተውም ቢሆን የተናገሩትን የወንድማችንን ነፍስ ጌታ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቤተሰቡም ቀና የሚሉበትን ቀን ያምጣላቸው። አቶ ተገኘ ይቅር ማለታቸው የራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ማንም አያስቸኩላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ከተማ ሰው በስማቸው ይጥራቸው።