የኮምፒውተሩን ፈተና አለፍኩ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኢፍቱ፤

አንቺና ልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኔና ባለቤቴ ሁሴኖ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን።

የምሥራች አለኝ። ኮሌጁ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ኮምፒውተር መቻሌን በፈተና አሳዪ ብሎኝ አልነበር? ሐሙስ ተፈተንኩ። አንድ ገጽ ጽፌ፣ በስሜ አስቀምጬ፣ አትሜ ማስረከብ ነበረብኝ። በአርባ አራት ዓመቴ ከወጣቶች መሀል ስቀመጥ አፍሬ ነበር፤ ጣቶቼ ግን ፊደሎቹን በደንብ ለምደዋቸዋል። መምህሩ ይስሃቅ ጎንበስ ብሎ አየና፣

«ወይዘሮ ፈይሩዛ፣ ምነው ፊደሉን እንዲህ አተለቁት?» አለኝ።

«እንዲያምር ነው» አልኩት።

ሳቀና «አልፈዋል» ብሎ ፈረመልኝ። ሁሴኖ ደስ ብሎት ዶሮ አረደልኝ። ይህንንም ደብዳቤ በስልክ ከምነግርሽ ብዬ ራሴ በኮምፒውተር ጻፍኩት፤ ገጹ ስለበዛ እንዳትስቂብኝ።

ባለፈው ወር የገዛሁትን መነጽር ቀየርኩት። አዲሱም ያው ብዥ ይልብኛል፤ መስታወቱ ጥራት የለውም መሰለኝ። ለሁሴኖ አልነገርኩትም፤ በትንሽ ነገር ይጨነቃል።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፤ እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገቡልኝ ማለት የጀመረችው በስንት ዓመቷ ነበር? እጇን ይዘን ገበያ ስንወስዳት እኔ ልጅ ስለነበርኩ አላስታውስም። ለማወቅ ያህል ነው።

ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ብዙ አይደለም፣ አይደል?

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ፈይሩዛ፣ ከአሰላ