የኋላው በር ቁልፍ ስለሚቀመጥበት መሳቢያ

ለተከበሩ የእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያው የበላይ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የፊት ጥርሶችዎ በየቦታቸው እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አርባ ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስል ስጠርግና ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት ነኝ። በጣቢያዎ ዱቄት የምትሰፍረው ረጅሟ ሴት ልጄ ናት። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት፣ የታሸገ ደብዳቤ ወደ መሳቢያዎ እንደሚገባ፣ ወደ መሳቢያዎ የገባ ነገርም በተፈለገበት ሰዓት እንደማይወጣ ስለ ተማርሁ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጄ ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ሦስት ጥርሶቿ ረግፈው በተኛች በአራተኛው ቀን መሥሪያ ቤትዎ ፖስታ ልኮላታል። የሕመም ፈቃድ መስሎኝ ነበር። «የሴት ሠራተኞች የሥራ ቁርኝት መጠይቅ» ይላል፤ ሃያ ጥያቄ፣ ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ቁጥር ማክበብ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና፣ ምን እንደያዘ ደጋግሜ አነበብሁት። ቅሬታዬ እነሆ።

፩. መግቢያው «ከፊት ቆመው የሚሠሩት ሁሉ ሴቶች መሆናቸው ኩራታችን ነው» ይላል። እውነት ነው። ሴት ፊት ከቆመች የሚደፍር እንደሌለ ባስጠኑት ጥናት ስለ ተረጋገጠ፣ ሴቶቹን ከበሩ፣ ወንዶቹን ከመኪናው አጠገብ አቁመዋል። ሰልፉ ሳይጋመስ ዱቄቱ ሲያልቅም «አልቋል» ብለው እንዲናገሩ የታዘዙት ሴቶቹ ናቸው፤ ለስለስ ያለ ድምፅ ቁጣ ያበርዳል ተብሎ። ልጄ እንደታዘዘችው ለስለስ አድርጋ ተናገረች። የመጀመሪያው ድንጋይ ያረፈው አፏ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የበለጠ ስለለሰለሰ ደስ ይበልዎ።

፪. ድንጋይ የወረወሩትን አልረግምም ማለቴ አይደለም፤ እረግማለሁ። ነገር ግን ከንጋት ጀምሮ ባዶ ከረጢት ታቅፎ የቆመ ርኃብተኛና ቁርሱን በልቶ ስብሰባ የገባ ሰው እኩል አይረገሙም። ለሁለተኛው የተሻለውን እርግማን አስቀምጬለታለሁ።

፫. ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሲገባ ልጄና ጓደኛዋ መዝጋቢዋ በመጋዘኑ ውስጥ ወደ ኋላው በር ሮጡ። ዱቄት እንዳይሰረቅ ተብሎ ተቆልፎ ነበር። መዝጋቢዋ በሬዲዮ ቁልፍ ለመነች። ከቢሮዎ «ቁልፉ በኃላፊው መሳቢያ ነው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ታገሡ» የሚል መልስ መጣላት። ታገሡ። ዱላ ሲወርድባቸው ታገሡ። መዝጋቢዋን በፀጉሯ ይዘው ጭንቅላቷን ከበሩ ብረት ጋር ሲያጋጩትም እንዲሁ፤ ልጄ አራት ጊዜ ሰምታለች። አምስተኛውን የሰማች የለችም፤ እርሷም ወድቃ ነበር። የመዝጋቢዋን አስከሬን ያጠብሁት እኔ ነኝ። በጥፍሮቿ ሥር የበሩ ሰማያዊ ቀለም ገብቶ ስለነበር በመርፌ ጫፍ እየፈለቀቅሁ አውጥቼ በብልቃጥ አኑሬዋለሁ። የጣቢያው ንብረት ነውና ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

፬. አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ «በሥራ ቦታሽ የልብ ጓደኛ አለሽ?» ይላል። ልጄ እርሳሱን በግራ እጇ ይዛ፣ ባበጠ ከንፈሯ «እማዬ፣ ነበረችኝ የሚለው ስንተኛው ቁጥር ነው?» አለችኝ። የሰው አንጀት በእጄ ይዤ ያልተንቀጠቀጥሁ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ከክፍሉ ወጣሁ። በሙያዬ ሰው የት ቢመታ እንደሚሞት፣ የት ቢመታ ደግሞ ሳይሞት ሞትን እንደሚመኝ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይህን የምነግርዎ ስለ ጤናዎ በማሰብ ነው።

፭. ሃያኛው ጥያቄ ቁርኝቷን የሚጨምር አንድ አስተያየት እንድትሰጥ ይጋብዛል። በተንጋደደ የግራ እጅ ጽሕፈት «ቁልፉን ለእኛ ስጡን» ብላ ጻፈች። መልስዎ ፈጣን ነበር፤ አስተያየቷ ለመጪው ዓመት ዕቅድ በግብዓትነት ተይዟል። የሚቀጥለው እደላ ግን የፊታችን ሐሙስ ነው።

ልጄም ክንዷ ከነጀሶው ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። ለመንኋት፤ ተቆጣኋት፤ በዚህ ዕድሜዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እኔ ካልቆምሁ ትናንት የተቀጠረችውን ልጅ ነው የሚያቆሟት» ብላ አነሣችኝ። ይህን የመሰለ ቁርኝት ስንት ቁጥር እንደሚሰጡት ቢነግሩኝ እማርበታለሁ።

ጥርስዎ ሳይነቃነቅ፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ፣ መሳቢያዎ ሳይከፈት ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ጧትና ማታ የምመኝልዎ፣ በእርስዎ ቸርነት ልጇን በከፊል ያገኘች፣

የሰፋሪዋ እናት

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ከማለዳ ጀምሮ ከኋላው በር በስተውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል። ጉልበቴ ላይ መጥረቢያ አለ፤ ትናንት ራሴ ስዬዋለሁ። ቁልፉ ከማለዳው በመዝጊያው ላይ ካልተገኘ ሥራዬን በበሩ ላይ እጀምራለሁ። ዘበኞችዎ ሊያስነሡኝ ቢመጡም ስለ እኔ አይሥጉ፤ ሴት ፊት ከቆመች የሚደፍር የለም።