ልጅቷ አክስቷ ቤት ናት

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ፊደል ጠፍቶኝ አይደለም። አሜሪካ መጥተን ኦሮራ ከተማ እንደገባን፣ አርባ አምስት ዓመት አልፎኝ፣ ከፓርኪንግ ሥራህ ደክመህ እየመጣህ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ። ያልጻፍኩት አፍሬ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ የሌለው ሰው ነው። ልጅህ ሳባ ሴንቴኒያል የሚባለው ጎረቤት ከተማ ቤት ገዝታ ገባች። እሁድ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ ሰዓቷን ታያለች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ሃቫና መንገድ ላይ ያለው ህንዳዊ ባለሱቅም የሚያከራያቸውን ዲቪዲዎች አንስቶ በቦታቸው የሩዝ ከረጢት ደርድሯል። ፊልም ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ አለኝ። ያንን የምትወደውን፣ የእናትና የልጅቷን ፊልም ግን በነጻ ሰጠኝ። ስላንተ ጠየቀኝ፤ ሞተ አልኩት።

አዲስ አበባ ሳለን ሲኒማ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ተዋናዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ትተረጉምልኝ ነበር። ህንድኛ አትችል፤ ከሥር የሚሮጠው እንግሊዝኛም ይቀድምህ ነበር። ቢሆንም ፖሊሱ የጠፋው ወንድም መሆኑን፣ ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ፣ ሁሉን ትነግረኛለህ። ከፊታችን የተቀመጡት ሳይቀሩ አንገታቸውን መለስ አድርገው ያዳምጡህ ነበር። እኔም ባሌ የተማረ ነው ብዬ እኮራ ነበር።

ከዚያ እዚህ ቤተ መጻሕፍት በሚሰጠው ትምህርት እንግሊዝኛ ማንበብ ቻልኩ። ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ የምውል ሴት፣ የምኩራራበት ሰው ፈልጌ ያገኘሁት አንተን ነው። ያ የፋሲካ ማግስት፣ ጎረቤታችን ዘይነባ ከባሏ ጋር፣ የሥራ ጓደኞችህም ተሰብስበው ያንኑ የእናትና የልጅቷን ፊልም ስናይ፣ እናትየዋ ደብዳቤ ይዛ አለቀሰች። አንተ እንደ ድሮው፣ ልጅቷ አክስቷ ቤት ሆና እየተማረች ነው፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፣ የደስታ እንባ ነው አልክ። እኔ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ አነበብኩ።

«ታዴ፣ ልጅቷ እኮ ሞታለች! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትቀድልኝ ነበር?» አልኩህ፣ በሰው ፊት።

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ጓደኛህ «አቶ አስተርጓሚ» እያለ አሾፈብህ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አንተ ሻይህን አነሳህ፣ ሳትጠጣው መልሰህ አስቀመጥከው። ከዚያ ወዲያ አንድም ፊልም አልተረጎምክልኝም። ስጠይቅህ፣ አንቺ ታነቢ የለም እንዴ ትለኛለህ፤ በቁጣ እንኳ አልነበረም። እኔም እልህ ይዞኝ አነበብኩ። እስክትሞት ድረስ ዝም ብለን አየን።

በተዝካርህ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ዘይነባ ሰሃን እያደረቀች ነገረችኝ። ያን ቀን ስትሸኛቸው ደረጃው ላይ እንዲህ ብለሃት ኖሯል፦ «ያን ፊልም መጀመሪያ ስናየው ሄለንን ከቀበርን ዓመት አልሞላም ነበር። እንዴት ብዬ ሞተች ልበላት?» እንዳትነግረኝም ለምነሃታል።

የበኩር ልጃችንን ሄለንን ከቀበርን በኋላ ከቤት አልወጣም ብዬ፣ በግድ ነበር ሲኒማ የወሰድከኝ። ስንወጣ ራበኝ አልኩህ። ለወራት ያላልኩት ቃል ነበር። ሮጠህ ብስኩት ገዛህልኝ። ልጅቷ አክስቷ ቤት ስለሆነች እኮ ነው የራበኝ። ሌላው እንግሊዝኛ ቢያመልጥህ ያቺ «ሞተች» የምትለው አንዲት ቃል እንዳላመለጠችህ አሁን ገባኝ። ሌላው ሰው ሲማር ልቡ ይበራል፤ የእኔ የተሳለው ምላሴ ብቻ ነው። ያስተማርከኝን ይዤ አንተኑ አዋረድኩበት። ይቅር በለኝ እንዳልል፣ ማለት የነበረብኝ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ ፊልሙን አያለሁ። ግራጫውን ሻርፕህን አጥፌ የቴሌቪዥኑን ታችኛውን ጠርዝ እሸፍንበታለሁ፣ ጽሑፉ እንዳይታየኝ። ከዚያ እንዳንተ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ። ባለፈው እሁድ ሳባ ቁልፏን ረስታ ተመልሳ እንዲህ ሳደርግ አገኘችኝ። አበደች የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እናትየዋ ደብዳቤውን ስትከፍት ግን፣ «ልጅቷ ምን ሆነች?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

አክስቷ ቤት ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች አልኳት። ኮቷን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

ታዴዬ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ያቺ ልጅ አትሞትም።

ባለቤትህ ወርቄ