የአጉቱ ኦዶዋ

እታለም አኬዮ፣ የሐይቁ ነፋስ ሰላምታዬን ሞምባሳ ድረስ ያድርስልኝ።

ጎረቤታችን አጉቱ ከወባዋ ተሽሏታል፤ ሦስተኛ ልጇንም አርግዛለች። ምግብ አልወርድ ብሏት ኦዶዋ ብቻ ነው የሚያምራት፤ ከገበያ የማመጣላትም እኔ ነኝ።

የሞምባሳ ጎረቤቶችሽ ኦዶዋ ምንድን ነው አሉኝ ላልሽው፣ ከኮረብታ የሚቆፈር ለስላሳ ድንጋይ ነው በያቸው። በመጽሐፍ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን «እከሊት ኦዶዋ ገዛች» ከተባለ ወሬው የድንጋይ አይደለም፤ ካላረገዘች ማን ድንጋይ ያኝካል?

ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው፤ ለአጉቱ ስወስድላት መንገድ ላይ አንድ ሁለት ስባሪ እቀምሳለሁ። ደቃቁ የኦሜና ዓሣ ግን ሰሞኑን ከረፋኝ፤ ባለቤቴ «የሐይቅ ልጅ ዓሣ ሸተታት!» እያለ ይስቅብኛል።

የመጨረሻ ልጄ ኦዴራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። እሱን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ እጄን ይዘሽ ያለቀስሽው፣ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ይብቃሽ» ያለኝ ትናንት ይመስለኛል። ምን እንዳስታወሰኝ እንጃ። ለመኸር እመጣለሁ ያልሽውን ትንሽ ብታፈጥኚው ደስ ይለኛል።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ በጤና ያገናኘን።

እህትሽ አፖንዲ

ፖስታውን ሳላሽገው ኦዶዋ ሻጯ የኦጎላ እናት ብቅ አለች። «አንቺ አፖንዲ፣ አጉቱን አገኘኋት፤ ኦዶዋ ከተውኩ ወር ሆነኝ አለችኝ። ታዲያ ትናንት የወሰድሽው የማን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ለጥርሴ ነው፣ ያጠነክራል» ስላት ይብስ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «እህትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።