የካሰች ከል

እኔ ሸዋንግዛው ይልማ፣ ቀድሞ የመዝገብ ቤት ሹም የነበርኩት፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም. በአዋሳ ከተማ ከፒያሳ በስተጀርባ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ፈቃዴን አጽፋለሁ።

ከትርፍ ቤት አዋጁ በኋላ የቀረችልኝን ይህችን ቤት ከነዕቃዋ ለአንዲት ልጄ ለካሰች ሰጥቻለሁ።

የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሬን ለዓሣ አስጋሪው ለአቶ ኩማ ሰጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ ባረፈች በአርባኛው ቀን፣ እርሷ የዓሣ አንጀት ትጥልለት የነበረው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደጃፌ ቆሞ ባየሁት ጊዜ፣ ይህ ወፍ ከዚህ ወዴት ይሄድ ይሆን ብዬ እስከ ሐይቁ ብከተለው፣ «ጋሼ፣ እንቁላሉን የት እንደሚጥል እኔም አላውቅም፤ ለምን አብረን አንፈልግም?» ያለኝና በዚሁ ፍለጋ እንቅልፌን የመለሰልኝ እርሱ ነውና።

ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የወፍ ጎጆ ስመረምር የገዛ ልጄን አለመመርመሬን አምናለሁ። ካሰች ለእናቷ የለበሰችውን ከል አላወለቀችም፤ እኔም ሐዘኗ የጸና መስሎኝ ዝም አልኩ። ባለፈው እሑድ፣

«ልጄ፣ ከሉ እስከ መቼ ነው?» ብላት፣

«አባባ፣ እርስዎ አውልቂ ሳይሉኝ?» አለችኝ።

«እኔ?»

«በሙት ዓመቱ ዘመዶች ሊያስወልቁኝ ሲመጡ፣ መጀመሪያ አባቴ ይፍቀዱ ብዬ መለስኳቸው። እርስዎ ሐይቅ ዳር ነበሩ።»

ስለዚህ እኔ ስሞት ካሰች አንድም ቀን ከል እንዳትለብስ አዝዣለሁ።

ይህ ሲነበብ ካሰች ከጓዳ ወጥታ፣ «ሰው ምን ይለኛል?» ብትል፣ አቶ ኩማ «የሚጠይቅሽን ወደ እኛ ላኪው፤ አራት ነን» አላት። እኔም «የእናትሽን አሁኑኑ አውልቂ» አልኳት። ጥቁሩን ሻሽ ስትፈታው ጸጉሯ ሸብቶ አየሁ፤ ዕድሜዋን ብጠይቃት፣ ሠላሳ አራት አለችኝ።

«ምን ዓይነት ቀለም ትለብሻለሽ?»

«እንጃ፤ ፈትያ ሱቅ ሄጄ ልየው።»

የጸሐፊዋ ቃል፦ ምስክሮቹ «ይፈርሙ እንጂ፣ ቀኑ ሄደብን» ቢሉም፣ ተናዛዡ «ለብሳ ስትመጣ ሳላይ አልፈርምም» በማለታቸው፣ በአምስት ሰዓት የተጀመረው ይህ ኑዛዜ፣ ወይዘሪት ካሰች አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በተመለሰች ጊዜ፣ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተፈርሟል።

ተናዛዥ፦ ሸዋንግዛው ይልማ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ኩማ ዳንጊሶ (የጣት አሻራ)፣ ደረሰ ሽፈራው፣ ሙሴ ግዛቸው፣ ከበቡሽ ታምሩ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ እህተማርያም ደረሰ (ፊርማ)