ጠላቂው እስኪያርፍ

ሰበታ፣ ኅዳር 24 ቀን 2008
ነገ ሐይቁ ጋ እንሄዳለን። ዳዊት ጠልቆ ከታች ጭቃ ያወጣል፤ ለዓሣ ጥናታችን። እኔ እንደ ልማዴ ነዝናዛ... የአየር ጠርሙሱን አስሞላሁ፣ ገመዱን ፈተሽኩ። "አጸዱ፣ እናቴ እንኳ እንዳንቺ አልጠበቀችኝም" ይለኛል። ይሳቅ። አንድ ነገር ቢሆን ሚስቱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።

ኅዳር 25
ሐይቁ ዳር፣ ገበሬ ቤት ልናድር ነው። ዳዊት በሰላም ወጥቶ ዕቃ ስንጭን የሾፌራችን የኦቦ ኢቲቻ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ለሚ ነው። ሰበታ በማስተር ፕላኑ ምክንያት ሰልፍ ወጥቶ ተኩስ አለ... ጓደኛው ቤት ተደብቋል። "አባ፣ ና ውሰደኝ።"

"ተነሱ፣ እንሂድ!" አሉ። እንዴት ብለን? ሐይቁ ገደል ሥር ነው፤ መውጫው ትልቅ ዳገት። ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው ከፍታ ከወጣ ደሙ ውስጥ ያለው አየር አረፋ ይሆንበታል። በክንድ ሕመም ይጀምርና ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። እስከ ነገ ማረፍ አለበት።

"እንግዲያው እናንተ እደሩ፣ እኔ በመኪናው ልሂድ።"

መኪናው አንድ ነው። ዳዊትን ሌሊት ቢያመው ሐኪም ቤት በምን አደርሰዋለሁ? "ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይቻልም" አልኳቸው። ዳዊትም "ደህና ነኝ፣ ይሂዱ" አለ። እምቢ አልኩ። ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ።

ኅዳር 26
ዳዊት ምንም አልሆነም። ጠዋት ወጣን። ተጂ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ኦቦ ወርደው ወጣቶቹን በኦሮምኛ ለመኑ፤ አሳለፉን።

ሰፈራቸው ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ለሚ አባቱ ሲቀሩበት፣ ትናንት ሲመሽ ብቻውን ወደ ቤት ሊሄድ ወጣ። ጥይት... ወይኔ። ወይኔ ልጁን!

ኅዳር 27
ቀበርነው። በምን ዓይኔ እናቱን ልያት?

ጥር 12
ኦቦ ሥራ ገቡ። እኔ ሁለት መኪና ካልተሰጠኝ ማንንም ውሃ አላስገባም ብያለሁ። አለቃው ተቆጣ። ይቆጣ።

ከሰዓት መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ስሆን ኦቦ መጡ።

"አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ሌሊት ዳዊትን ትንሽም አላመመውም?"

ልዋሽ?

"አላመመውም፣ ኦቦ።"

"ክንዱን እንኳ?"

"ክንዱንም።"

የአየር ጠርሙሱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

"ትንሽ አሞት ነበር ብትይኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?"